ጎግ ያልደረሰው ዘመቻ

የቲማቲም በሽታን የመለየትና የመከላከል ዘመቻው በታላቅ ድምቀት መካሄዱን ስናበስር ልባዊ ኩራት ይሰማናል። ዘመቻው የተጀመረው ኒውላንድ ሰፈር፣ ቲማቲም ሸጣ ልጆቿን ከምታስተምረው ከኛኩዋኒ ጓሮ ነው። ከጓሮዋ አንድ ጥግ ጥቂት እግር ቲማቲም በድንገት ጠውልጎባት ልትነቅለው ስትል የግብርና መሥሪያ ቤታችን ደረሰላት።

«እንዳትነቅይ!» አሏት የዘመቻው መሪ አቶ ጥዑመልሳን። «ነቅለሽውማ ምኑን ልንጎበኝ ነው?»

በሽታውም እስከ ጉብኝቱ ቀን በክብር ተጠበቀ።

በዕለቱ አቶ ጥዑመልሳን ከነእንግዶቻቸው የታመመው ጥግ ገብተው፣ ጭቃውን እንደረገጡ፣ አንድም ስህተት የሌለበት ንግግር አደረጉ። «ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ድንገት ከጠወለገ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ነው። ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ክብ ክብ ቡናማ ምልክት ካወጣ ደግሞ የቅጠል ነጠብጣብ ነው። መከላከያው ቀላል ነው! የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል፣ ውኃ ከሥሩ ማጠጣት እንጂ ቅጠሉን አለማርጠብ፣ የታመመውን በረገጠ ጫማ ወደ ጤነኛው ፈጽሞ አለመሻገር!»

ጭብጨባው ከባሮ ወንዝ ማዶ ተሰማ። ከዚያ ሁሉም ወደ ጤነኛው ተሻገሩ።

እዚያ ደግሞ ካሜራ ያዡ ቅጠሉ አቧራ ስለለበሰ ይታጠብልኝ አለ።

«ቅጠል አይርጠብ ብለሃል እኮ፣ ኃላፊ» አለች ኛኩዋኒ።

«እሱ ለአርሶ አደሩ ነው፤ ይሄ ለቴሌቪዥን ነው።»

ታጠበ። ልዑካኑም በዚያው ጫማ ከጓሮ ጓሮ እየዞሩ ንግግሩን አዳረሱ።

ውጤቱ ብዙም አልዘገየም። በአንድ ጥግ ተወስኖ የኖረው በሽታ ያለአንዳች አድልዎ ለሁሉም ተዳረሰ። ለኛኩዋኒ አንድ እግር እንኳ አልተረፈላትም፤ ልጆቿን በምን እንደምታስተምር እሷም አታውቅም። ያም ሆኖ የመለየቱ ሥራ እጅግ እንደቀለለ መካድ አይቻልም፤ ጤነኛ የሚባል የለማ።

የቀረው ጎግ ወረዳ ብቻ ነው። የልዑካኑ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ስለነበር እዚያ የደረሰ የለም። በግምገማው ላይ አቶ ጥዑመልሳን በምሬት ተናገሩ። «ጎግ እስካሁን አንድም የታመመ ቲማቲም አለመታየቱ ትልቅ ክፍተት ነው። መኪናው ተጠግኗል፤ ነገ እንሄዳለን።»

ኛኩዋኒ ይህን እንደሰማች ጎግ ቲማቲም ለሚያለማው ወዳጇ ለሉዋል ደወለች።

«ሉዋል፣ ቲማቲም አንተ ጋ ደህና ነው?»

«በጣም ደህና ነው። ምነው?»

«በሩን በእሾህ ዝጋ። በሽታው ነገ በመኪና ይመጣል።»