የመሐንዲስ አባት

ሰውን በደመወዙ የሚመዝን አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ፊደሉንም ስሌቱንም ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ በጅማ እንደ እኔ ያለ መዛኝ አይገኝም። ባለፈው እሁድ ከሊሙ ገነት ሽማግሌዎች መጥተው መሐንዲሷን ልጄን ለአንድ ፖሊስ ጠየቁኝ።

«ልጁ ጨዋ ነው፣ ኦቦ» አሉኝ።

«የፖሊስ ደመወዝ እኮ ለመሐንዲስ የሻይ መጠጫ ነው!» ብዬ ሳቅኩባቸው።

ልጄ ከጓዳ ወጣች። «አባባ፣ አያሳፍሩኝ። የእሱ ደመወዝ ከእኔ ይበልጣል፤ ቀለቡ ደግሞ ሌላ ነው። ለመሆኑ የእኔን መቼ ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

አልጠየቅኳትም። ለሰፈሬ ለቦሳ ኪቶ ሰው ሁሉ ስደሰኩር የኖርኩትን ደመወዟን ያሰላሁላት ራሴ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው መሬት መሬቱን አዩ፤ እኔስ ወዴት ልይ? «ልጄን ሰጥቻለሁ በሉት» አልኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ።