በማኅፀን የቃል ትምህርት

ዓይን ማየት የሚጀምረው መቼ ነው? ሲወለድ ነዋ ትሉኛላችሁ። እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ ዘጠኝ ወር በጨለማ የተቀመጠ ሕፃን አንድ ማለዳ ብቅ ሲል፣ ያ የሚያየው ብርሃን መሆኑን ማን ነገረው? ዓይኑና ጭንቅላቱስ የት ተዋወቁ? እዚህ እንጦጦ ላይ እንኳ ከየካ በኩል ወጥቶ የሰፈረ አዲስ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሰላምታ እስኪለዋወጥ ስንት ሳምንት ይፈጅበታል!

ይህን ሁሉ ያሳሰበችኝ ታላቅ እኅቴ የሺ ናት። በሰባት ዓመቷ ፈንጣጣ ሁለት ዓይኖቿን ወስዶባታል። አግብታ አረገዘችና የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኛ ቤት መጣች። አንድ ቀን ሴቶቹ ከምንጭ ሲመለሱ፣ «እናቲቱ ያላየችውን ልጁ በምን ያየዋል?» ሲባባሉ ሰማቻቸው። ከዚያ ወዲያ እህል አስጠላት።

«አባባን ጠይቂልኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ልጄ ዓይኑን የሚወስደው ከእኔ ነው ወይ ብለሽ።»

አባታችን አባባ በእንጦጦ ማርያም ግቢ ልጆች የሚያስተምሩ ቄስ ናቸው። እኔ ደግሞ «ራት ቀርቧል» ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን የምጠርግ ፈሪ ነኝ። ስለ ማኅፀን በየትኛው አፌ ልጠይቃቸው? ፊታቸው ቆምሁ፤ አንደበቴ ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

«አባባ፣ መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ልጅ እንዴት ይማራል?»

«በቃል ነዋ!» አሉ። «ሲመሽ ብራና አይታይ፤ መምህሩ ይላል፣ ልጁ ይቀበላል። ኋላ መጽሐፉ ሲገለጥ የሚያነበው ያንኑ በጨለማ የተቀበለውን ነው።»

«መምህሩስ ባያይ?»

«የእኔ መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ።»

ሮጬ ሄጄ አንዲት ቃል ሳላጓድል ነገርኋት። ያስቀረሁት እኔ የጠየቅኋቸውን ጥያቄ ብቻ ነው።

የሺ በነጋታው ከአጥሩ ጥግ ተቀምጣ ሆዷን ለጠዋት ፀሐይ ገለጠች። «ይኼ ብርሃን ነው፣ በል!» ደመና ሲያልፍ፣ «ይኼ ጥላ ነው፣ በል!» ልጁ ሲራገጥ ትስቃለች። «ተቀበለኝ!»

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሦስት እርጉዞች ተከታትለው መጥተው አባባን የማኅፀን ትምህርት ጠየቋቸው። አባባ ጠሩኝ።

«እኔ ይህን መቼ ተናገርሁ?»

እየተንተባተብሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጢማቸውን ዳበሱ።

«እንግዲህ ብያለሁ» አሉ።

ልጁ የተወለደው አንድ ማለዳ ነው። አዋላጂቱ የበሩን ቁርበት ገለጥ ስታደርገው ሕፃኑ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። የሺ ብቻ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ።

«እኔንስ ያየኛል?»

ዓይኑ በሩ ላይ ነበር። «አንቺን ነው የሚያየው» አልኋት።

በየማለዳው ጠየቀችኝ፤ በየማለዳው ያንኑ አልሁ። እሱ ግን ጭላንጭሉን ያያል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ያለፈች ዝንብ ያያል። ለመዋሸት ጉሮሮ መጥረግ እንደማያስፈልግ ያኔ አወቅሁ።

በአርባ ቀኑ ክርስትና አስነሥተነው ስንመለስ የሺ እንደ ልማዷ ከአጥሩ ጥግ አቅፋው ተቀመጠች። ልጁ ዓይኑን አነሣ። ግንባሯን አየ፣ አገጯን አየ፣ ከዚያም ዓይኖቿ ላይ አረፈ። መልሳ እስክታየው ይመስላል፣ ጠበቀ፣ ጠበቀ። አላየችውም። ግን ፈገግ አለላት።

«ዛሬስ?» አለች እኅቴ።

አርባ ቀን ሙሉ ቀድሞ ሲሄድ የነበረውን ቃሌን እውነቱ ዛሬ ደርሶበት፣ እኔ ልናገረው አቃተኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንዴ። ሁለቴ።

«ምነው ዝም አልሽ? ወዴት ዞረ?»

ጣቷን በጉንጩ ላይ እየሳበች አወረደች። ፈገግ ካለው ከንፈሩ ዘንድ ሲደርስ ጣቷ ቆመ።

«ቆዪ» አለች። «አትንገሪኝ።»