«ቆይ» ያለው መቼ ነው?

የቪዲዮ መስኮት ማሳነስና ቪዲዮ ማሳነስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። ላፕቶፔ ላይ የቪዲዮውን መስኮት በጥጉ ይዤ ወደ ውስጥ ገፋሁት፣ ገፋሁት፣ የክብሪት ቀፎ አከለ። ከዚያ በስልክ ልልከው ስል አሁንም «በጣም ትልቅ ነው» አለኝ። ትልቅ? ምኑ ነው ትልቅ? እኔ የማየው ክብሪት ነው!

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግድ የለም። ቪዲዮ ቀጥዬም አሳንሼም አላውቅም ነበር። ሆሊውድ ውስጥ ሆቴል ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ቁልፍ መስጠትና ፈገግ ማለት ነው። ለዚህ ጉዳይ የተመረጥኩት ላፕቶፕ ስላለኝ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ምን መሰላችሁ? ጎል ነው።

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ እትዬ አስካለ የሚሏቸው ሴት ምግብ ቤት አላቸው። ከኋላ ባለው ክፍል ትልቅ ቴሌቪዥንና የእግር ኳስ ጌም አለ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላችንን ወንበር ላይ አንጠልጥለን ጆይስቲክ እናነሳለን። የሰፈር ልጆች እንዳንመስላችሁ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ የሚባለው ፀጉሩ ሸብቷል።

ጨዋታው ሕግ አለው። ዋናው ሕግ «ቆይ» ነው። ሁላችንም ስልክ የሚጠራን ሰዎች ነን። አንዱን ተሳፋሪ ይጠራዋል፣ አንዱን ሚስቱ፣ አንዱን ሁለቱም በአንድ ጊዜ። ሶ፣ አንድ ሰው «ቆይ» ካለ ሌላው እጁን ከጆይስቲኩ ያነሳል። ከ«ቆይ» በኋላ የገባ ጎል ጎል አይደለም። የተጻፈ ነገር የለም፤ ግን ማንም አፍርሶት አያውቅም ነበር።

ለፍጻሜ የደረሱት ታደሰና ብርሃኑ ናቸው። ሁለቱም ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ከመኪና ማቆሚያው መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶብስ ይነዳሉ። ሁለቱም ሆሊውድ ይኖራሉ። የብርሃኑ መኪና ከሞተች ወራት ስላለፋት ታደሰ ነው በየቀኑ የሚወስደውና የሚመልሰው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሽልማቱ የጋሽ ወርቅነህ የድሮ የታክሲ ሂሳብ መቁጠሪያ ሜትር ነው። ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ያሸነፈ ሰው ሜትራቸውን ቤቱ ወስዶ ዓመቱን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ምን ይሠራል? ምንም አይሠራም። እንዴት እንደምንመኘው ግን አልነግራችሁም።

ሁለት ለሁለት ናቸው። ደቂቃው እያለቀ ነው። የብርሃኑ ጆይስቲክ ባትሪ አለቀበት። ታደሰ መትቶ አገባ። ብርሃኑ ብድግ አለና «ቆይ ብያለሁ እኮ!» አለ።

ታደሰ «ያልከው ከገባብህ በኋላ ነው» አለ።

«በፊት ነው!»

«በኋላ ነው አልኩህ!»

እኛ ተመልካቾቹስ? ሁላችንም እየጮህን ስለነበር ማንም በእርግጠኝነት አልሰማም። ቢሆንም ሁላችንም መሰከርን። አራት ነበርን፤ አምስት ዓይነት ምስክርነት ወጣ።

ጨዋታ ነው፣ ሰኞ ይረሱታል አልን። ሰኞ ብርሃኑ የታደሰን መኪና እንቢ ብሎ በባቡርና በሁለት አውቶብስ ሥራ ሄደ። ማክሰኞም። ረቡዕ አረፈደ፤ አርብ አረፈደ። አለቃው ሦስተኛ ካረፈድክ እንዳትመጣ አለው። ታደሰ ደግሞ በየቀኑ በብርሃኑ በር ሲያልፍ መኪናውን ቀስ ያደርጋል አሉ። ቀስ ያደርጋል፣ አይቆምም። ብርሃኑ በመስኮት ያየዋል፤ ያያል፣ አይወርድም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች።

ጋሽ ወርቅነህ ይህን ሲሰሙ ሽምግልና ተቀመጡ። እኔን ጠርተው «ጨዋታው ተቀድቷል አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው። ማሽኑ ጨዋታውን እየቆራረጠ ያስቀምጣል፤ አሥራ አንድ ቁራጭ። ማይክ ያለው ማዳመጫ ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ ስለነበር የኛም ጫጫታ አብሮ ገብቷል። የጌሙን የራሱን ድምፅ ጋሽ ወርቅነህ ስለማይወዱት ሁልጊዜ እንዘጋዋለን።

«ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ላሳይዎት። ሰባት ሰከንድ ትበቃናለች» አልኳቸው።

«ምን? ነገር ከጅራቱ ሲሰማ የት አይተሃል? ከመጀመሪያው ይታያል። አንድ ላይ ቀጥለህ ለሁሉም በየስልኩ ላክ። አይቶ ይምጣ፤ እሑድ እንቀመጣለን።»

የሽማግሌ ትዕዛዝ ነው፤ እሺ አልኩ። መቀጠል ምን ይከብዳል?

ነጻ ፕሮግራም አወረድኩ። አሥራ አንዱንም ጎትቼ ጣልኩለትና «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ቀጠለ። እንዴት ያለ ትልቅ ፋይል መሰላችሁ! ከዚያ የክብሪቱን ነገር ሞከርኩ፤ ነግሬያችኋለሁ። በኋላ ኮምፕረስ፣ ማለት ፋይል አሳንስ፣ የሚል ቦታ አገኘሁ። ከ«ትልቅ» እስከ «ትንሽ» የሚንሸራተት ነገር አለው። እኔ ምን ቸገረኝ፣ እስከ ጫፉ «ትንሽ» ላይ አድርጌ ለጋሽ ወርቅነህ ላክሁ።

ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሰዎቹ ይሮጣሉ። ምን እንደሚያሯሩጣቸው ግን አላየሁም።»

ከፍቼ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ኳሷ የለችም። ሃያ ሁለት የቀለም ነጠብጣቦች አረንጓዴ ጭቃ ውስጥ ይንከራተታሉ።

«ሌላም አለ» አሉኝ። «ይሄ ታደሰ ሦስት ለሁለት ካሸነፈ በኋላ ለምንድነው እንደገና ባዶ ለባዶ የሚሆነው?»

ይህስ? ፕሮግራሙ ከአንድ ቀጥሎ አሥርን፣ ከዚያ አሥራ አንድን፣ ከዚያ ሁለትን አስቀምጧል። ቁጥር ሳይሆን ፊደል አድርጎ ነው የሚያነበው አሉ። ጨዋታው ይጀመራል፣ ወዲያው ያልቃል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ለሰው ሕይወት ቢሆን ደስ ይል ነበር፤ ለክስ ግን አይሆንም።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሥራ ቦታ ቁልፍ እየሰጠሁ፣ ፈገግ እያልኩ፣ በሆዴ ስለ ፋይል አስባለሁ። ቁራጮቹን በተራቸው ደረደርኩ። መንሸራተቻውን ወደ መካከል መለስኩ። ቅዳሜ ዕለት ኳሷ የምትታይበት፣ በስልክ የሚላክ፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው የሚቀድም ቪዲዮ ወጣልኝ። ማንም የለም ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ።

እሑድ ተቀመጥን። በየስልኩ አይቶ የመጣ የለም፤ አበሻ ነን። ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩት። ታደሰ በአንድ ጥግ፣ ብርሃኑ በሌላው። ጋሽ ወርቅነህ ሙሉውን ጨዋታ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። የመጀመሪያዎቹ ጎሎች ሲገቡ እንደ አዲስ ተደነቁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጥያቄ ጠየቁ። «ለምንድነው እናንተ ጎል ከገባ በኋላ ቆይታችሁ የምትጮኹት?»

እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው «ደንግጠው ነዋ!» አሉ። ሳቅን። አለፈ።

መጨረሻው ደረሰ። ታደሰ ይዞ ገባ። መታ። መረቡ ተወጠረ። ከዚያ፣ ከመረቡ በኋላ፣ በግልጽ፦ «ቆይ! ባትሪ!»

ሁላችንም ወደ ብርሃኑ ዞርን።

ብርሃኑ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት። «አሁንም» አለ። ደገምኩት። ሦስተኛው ላይ ተነሳ። ነጠላውን አስተካከለ። «አጥፍቻለሁ፤ ታዴ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ብሎ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጎንበስ አለ። ታደሰ እግሩ ጋ ሳይደርስ አፈፍ አድርጎ ያዘው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ታደሰ ቶሎ አለቀቀውም። እኔ ደስታ መሰለኝ።

በማግስቱ አብረው ሥራ ሄዱ። እኔም ትልቅ ሰው ሆንኩ። ፌርፋክስ ላይ በእግሬ ሳልፍ ሰላምታው ተለወጠ።

ማክሰኞ ላፕቶፔ ሞላሁ አለኝ። ቁራጮቹን ላጠፋ ተቀመጥኩ። አሥራ አንደኛዋ ላይ ስደርስ ልሰናበታት ብዬ ከፈትኳት።

«ቆይ! ባትሪ!»

ኳሷ ገና መሐል ሜዳ ናት። ታደሰ ይነዳል። ይገባል። ይመታል። መረቡ ይወጠራል። እኛም እንጮኻለን፣ እዚያው፣ በሰዓቱ፣ ሳንደነግጥ።

ደጋግሜ አየኋት፤ ምክንያቱን ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ለካ ቁራጮቹ በሰከንድ የያዙት የሥዕል ብዛት እኩል አልነበረም። ፕሮግራሙ ሲቀጥላቸው ድምፁ በየቁራጩ ጥቂት ጥቂት ከሥዕሉ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ አይታወቅም። አሥራ አንደኛው ላይ ብዙ ሰከንድ ሆኗል። «ቆይ»ን ከጎሉ ፊት አንስቶ ከጎሉ ኋላ ለማስቀመጥ የሚበቃ። ይህን ጀማሪ ሁሉ ይሳሳታል ይላሉ። ጀማሪ ሁሉ ግን ሰው አያስጎነብስም።

ልንገር ወይስ ዝም ልበል? ብነግር ጠቡ ያገረሻል፣ ብርሃኑም ወደ ባቡሩና ወደ ሁለቱ አውቶብስ ይመለሳል፤ ሦስተኛዋ ማርፈድ ትጠብቀዋለች። ዝም ብል እውነት የተናገረ ሰው ያላጠፋውን ይቅርታ እንደጠየቀ ይኖራል። እናንተ ብትሆኑ? እኔ ሁለት ቀን አሰብኩና ሐሙስ ብርሃኑን ፌርፋክስ ላይ ፀጉር አስተካካዩ በር አገኘሁት። እጁ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየሁ።

«ምንድነው እሱ?»

«ሥራ ቦታ አውቶብሴን ፓርክ ያደረግኩበት ቁጥር ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ለማንም እንዳትናገር። ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ። ከጎሉ በፊት ማለቴን እኮ አስታውሳለሁ፤ እንደ አሁኑ አስታውሳለሁ። ቪዲዮው ደግሞ ሌላ ነው። ሶ፣ የተበላሸው ጭንቅላቴ ነው። አባቴም የጀመረው እንዲህ ነበር። ምድጃ ማጥፋቴን ሦስት ጊዜ ነው የማየው።»

ስልኬን አውጥቼ ሰባቷን ሰከንድ ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ሥዕሉንም አሳየሁት። ስለ ቁራጮቹ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ክብሪቱ ሳይቀር ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ።

«ሶ ደህና ነኝ?» አለ።

«ደህና ነህ። የታመመው ቪዲዮዬ ነው።»

እዚያው መንገድ ላይ አቅፎ አነሳኝ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። የእጁን ጽሕፈት በምራቁ አጠፋው። በኋላ ግን ቆም አለና «ለታደሰ እንዳትነግረው» አለኝ።

«ለምን? አንተ እኮ ነህ ትክክል!»

«አውቃለሁ፣ በቃኝ። እሱ ከዚያ እሑድ ወዲህ የመኪና በር ይከፍትልኛል። ሬዲዮ የምመርጠው እኔ ነኝ። ሰኞ ደግሞ አንድ ካርቶን ሙሉ ባትሪ ገዝቶ ሰጠኝ። እየቀለደብኝ ይሁን እየወደደኝ አልገባኝም። አሁን ብትነግረው ያፍራል። ታደሰ ካፈረ ድራይቭ ማድረግ አይችልም፤ ሁለታችንንም ይዞ ገደል ይገባል።»

እሺ አልኩ። ቀለለኝ።

የቀለለኝ እስከ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ታደሰ ከሥራዬ በር መኪናውን አቁሞ «ግባ» አለኝ። ገባሁ። አልነዳም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ፊት ለፊት ያያል።

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ቆይ ሲል። ከመምታቴ በፊት ሰምቼዋለሁ። እጄ ቀደመኝ። አንዴ «ከገባብህ በኋላ ነው» ካልኩት ወዲያ መመለስ ከበደኝ። ቪዲዮ ሊታይ ነው ሲባል አለቀልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እግሩ ላይ የምወድቅበትን ቃል ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ያንተ ማሽን ነጻ አወጣኝ። ብሎ ብሎ እሱ ጎነበሰልኝ! ለኔ! አሥራ ሁለት ዓመት!» አፍንጫውን ጠረገ። «ባትሪ ገዛሁለት። ባትሪ ምን ያደርጋል?»

«ታዴ፣ ለራሱ ንገረው።»

«አብደሃል? ይጎዳል እኮ። ሰውዬው ገና መሳቅ መጀመሩ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ዝም ብሎ ይስቃል። አንተም እንዳትነግረው። ማልልኝ።»

ማልኩለት።

ሶ፣ በየቀኑ ከሆሊውድ ዌስትቼስተር የምትሄድ አንዲት መኪና አለች። ውስጧ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም እውነቱን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ለሌላው ሲሉ ይደብቁታል። በሩን አንዱ ይከፍታል፣ ሬዲዮውን ሌላው ይመርጣል። የኔ ቪዲዮ ያኔ በትክክል ተሠርቶ ቢሆን ኖሮስ? ታደሰ በሰው ፊት ይዋረዳል፣ ብርሃኑ ያሸንፋል፣ መኪናዋም በአንድ ሰው ትሄዳለች ብዬ እጠረጥራለሁ።

ትናንት ጋሽ ወርቅነህ ከእትዬ አስካለ ጠረጴዛ ጠሩኝ። የሁለት ጎረቤታሞች የመኪና ማቆሚያ ጠብ ለሽምግልና ይዘዋል፤ ካሜራ ቀድቶታል፣ በብዙ ቁራጭ ነው፣ እንድቀጥለው ይፈልጋሉ።

«ሰው ይዋሻል ልጄ» አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። «ማሽን ግን አይዋሽም። እንዳንተ ያለውን ምስክር እግዚአብሔር ያብዛልን።»

ምን ልበል? አሜን አልኩ።