የማላኪ አራት ድንጋዮች

ማላኪ ጊልዳ በየማለዳው ከቤታቸው ይወጡና የሰፈሩን የድንጋይ ካብ በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ ያልፋሉ፤ ሐኪም የበሽተኛ ደረት እንደሚመረምር። መሬቱን ከባለመሬቱ በላይ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ገጠር የለም። ለእኛ፣ በአየርላንድ ለዶኔጋል ሸለቆ ሰዎች፣ የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት ማላኪ ናቸው።

መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሻይ ቆመው ይጠጣሉ፤ ዐይናቸው መስኮቱ ላይ ነው። መንገድ የሚጠይቃቸው እንግዳ ወዮለት! «የቀጥቃጩ የሂዩ ቤት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ» ይሉታል። ቤቱ ከፈረሰ አርባ ዓመቱ ነው። የሸለቆውን ሰው ገመና ሁሉ ዘርግፈው ሲጨርሱ ደግሞ «እኔ ግን ምንም አላልኩም» ብለው ላጥ ይላሉ።

ባለፈው ሚያዝያ ልጄ ኑላ ቤት ልትሠራ ኮረብታው አናት ላይ ቦታ መረጠች። ማላኪ ሳይጠሩ ደረሱ።

«እዚህ? የመልካሞቹ ሰዎች መንገድ ላይ?»

ከኮረብታው ሥር ይኖራሉ የሚባሉትን፣ የማይታዩትን መናፍስት ማለታቸው ነው። ስማቸውን ደፍሮ የሚጠራ የለም።

«ጋሽ ማላኪ፣ ለእርስዎማ የጥንቸል ዱካም የእነሱ መንገድ ነው!» አለች ኑላ።

«አራቱ ማዕዘን ላይ ድንጋይ አስቀምጪና ሦስት ጠዋት እዪ። ከቦታው የተነሣ ካለ አትሥሪ። እኔ ግን ምንም አላልኩም።»

ኑላ ሳቀች፤ ድንጋዮቹን ግን አስቀመጠች። እኛ ዘንድ በመልካሞቹ ሰዎች የሚያምን የለም፤ የሚያስቀይማቸውም የለም።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ይህ ካልሆነላት እንደ እኩዮቿ ከተማ ልትገባ ነው። በማላኪ ደጅ ዙሪያ ካሉት ሰባት ቤቶች ዛሬ ጭስ የሚወጣው ከእሳቸው ቤት ብቻ ነው።

በሦስቱም ጠዋት አንዱ ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ ተገኘ። በሦስተኛው ጎንበስ ብዬ አየሁ። እንደ በፊቶቹ ቀናት ቁልቁል፣ ወደ ማላኪ ደጅ ሄዷል። አጠገቡ ጭቃው ላይ የከዘራ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ።

«አባዬ፣ ምን ይሻለኛል?» አለች ኑላ፣ ፊቷ ገርጥቶ። ማላኪ ካቡን ተደግፈው ሰማይ ያያሉ።

«የታችኛው ማሳችን አለልሽ። ነፋስ አይደርስበትም» አልኳት። ከማላኪ በር ሃያ እርምጃ ነው።

«መልካሞቹ ሰዎች እዚያስ ቢቆጡ?»

«ጎረቤት የናፈቃቸው ይመስለኛል።»

ማላኪ ዘወር ብለው አፈጠጡብኝ።

«እኔ ግን ምንም አላልኩም» አልኩ።

መሠረት ቆፋሪዎቹ ሰኞ ይነሣሉ። መንገዱን የጠየቁት ማላኪን ስለሆነ ማክሰኞ ይደርሳሉ።