መምህር እሱባለው ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ግሥ ወደ ወገዳ የዘመቱት ዘመቻ

በዘመነ ማቴዎስ፥ በወርኃ ሰኔ፥ ሞዓ ጠመኔ ሥዩመ ሰሌዳ መምህር እሱባለው በንፋስ መውጫ በሒሳብ መንበር በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፥ በወገዳ እንግሊዝኛ የምታስተምረውን ወይዘሪት ገነትን ያገቡ ዘንድ ልባቸው ቆረጠ። በአማርኛ ለመጠየቅ አፈሩ፤ በእንግሊዝኛ ግን ሰው አያፍርምና በስልካቸው «አይ ኩድ ሃቭ ማሪድ ዩ» ብለው ላኩ፤ ግሥ ሲረዝም ትሕትናው የሚበዛ መስሏቸው ነበር። ከእርሷም ዘንድ እንዲህ የሚል አዋጅ መጣ፦ «ታዲያ ማን ከለከለህ?»

ይህን ፈቃድ ነው ብለው ለባልደረቦቻቸው ሻይ ጋበዙ። ዳሩ ግን ቢደውሉ ቢደውሉ የሚያነሣ ስላጡ፥ ተጨንቀው የሰዋስው መጽሐፍ ቢገልጡ፥ «ኩድ ሃቭ» ማለት «እችል ነበር፥ ግን አላደረግሁትም» ማለት ሆኖ አገኙት። ላገባሽ እፈልጋለሁ ያሉ መስሏቸው፥ ላገባሽ እችል ነበር፥ ተውሁት እንጂ ብለዋታል! ያን ጊዜ ግንባራቸውን መትተው በገዛ ራሳቸው ላይ አዋጅ አስነገሩ፦ «ሒሳብ ሲፈታ የኖረ፥ ሳያገባ ፈታ!»

በማግሥቱም ዘመቱ። በሚኒባሱ አብረዋቸው የተሳፈሩት ሠራዊትም እነዚህ ናቸው፤ ከፊት አባ ወልደ ሩፋኤል ከነመስቀላቸው፥ ከመካከል የገብስ ጆንያ ያቀፈው በላይነህ፥ ከኋላም እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፥ እነርሱም ከሁሉ ይልቅ ይፎክሩ ነበር። ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ በሰመጠ ጊዜ ጀግናው ወርደው ገፉ፤ ጎማውም ዞሮ ከጫማ እስከ ቅንድብ ለቀለቃቸው። አባም የመንገዳቸውን ምክንያት ጠይቀው ቢሰሙ፥ «ልጄ፥ በአማርኛ ብትላት ምን ነበረበት?» አሉ።

ገነትንም በትምህርት ቤቷ ደጅ፥ በባልደረቦቿ መካከል ቆማ አገኟት። በመንገድ ያጠኑት ንግግር ሁሉ ጠፍቷቸው፥ በአማርኛ አወጁ፦ «እችል ነበር ማለቴ አይደለም! እፈልጋለሁ። ታገቢኛለሽ ወይ?»

እርሷም ጭቃቸውን ከላይ እስከ ታች አይታ፥ «ቀደም ብለህ መምጣት ነበረብህ» አለች።

ይህች «ነበረብህ»፥ ሳይደረግ ላለፈ ነገር የሚባለው የእንግሊዝኛው «ሹድ ሃቭ» እኅት መሆኗን አሁን ተምረዋልና፥ ነገሩ አልፎ የቀረ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ሊመለሱ ሲሉ እጅጌያቸውን ያዘችና ሁለተኛውን አዋጅ አወጀች፦ «ወዴት ነው? ዘገየህ አልሁ እንጂ አለፈ አላልሁም። በል ታጠብና ለአባቴ ሽማግሌ ላክ!»

ስለዚህ ከጋይንት እስከ ስማዳ፥ ከስማዳ እስከ እስቴ ይነገር! ሌሎች ጦር ሰብቀው ድል ሲያደርጉ፥ በሰዋስው ድል ተነሥተው ሚስት ለማረኩት፥ ለጭቃው አርበኛ ለመምህር እሱባለው ክብርና ምስጋና ይሁን፤ እንግሊዝኛውንም ከእንግዲህ ወዲህ ወይዘሮ ገነት ትናገርላቸው!