ክቡር ስምሪት ቤተሰቡን ድንበር ሲያሻግሩ

ፈጣሪ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ፕሮግራም አውጪ ይሰጣል፤ ለምን እንደሚሰጥ ግን እስካሁን አልተናገረም። እናንተም ቤት አለ። የሰርግ ጥሪ በመጣ ማግስት «ስንት ሰዓት እንነሳ?» የሚል፣ ሌላው ገና ሳይታጠብ ጫማውን አስሮ በር ላይ የሚገተር፣ ለሦስት ቀን መንገድ የሦስት ወር ስብሰባ የሚጠራ።

የዚህ ታሪክ አዋላጅ ነርስ ከሁሉም የባሰውን አግብታለች። ባሏ ለሃያ ሁለት ዓመት በከተማው መናኸሪያ የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው ሾፌር በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ዘመድ አዝማዱ በሌሉበት «ክቡር ስምሪት» ይላቸዋል። እኛም አንቱታውን አንነፍጋቸውም።

ክቡር ስምሪት አንድ አባባል አላቸው፦ «መነሻ ላይ የጠፋች ደቂቃ መድረሻ ላይ ሰዓት ትወልዳለች።» ሚስታቸው ደግሞ የሰው ልጅ ሲወለድ እያየች የኖረች ናትና መልሷ ምንጊዜም ያው ነው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ምንም ነገር በቀጠሮ አይወለድም።» በእነዚህ ሁለት አባባሎች መሀል አሥራ አራት ዓመት ትዳርና ሁለት ሴቶች ልጆች አሉ።

ነገሩ የተጀመረው ከድንበር ማዶ፣ ተራራ ሥር ካለች ከተማ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። አዋላጇ የከተማዋ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ሆና ተመድባለች። ከሦስት ወር በኋላ በተቆረጠው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘች ግን ቦታው ለተከታይዋ ተወዳዳሪ ያልፋል። እንግዲህ ቤቱ ተለቀቀ፣ ዕቃው ተሸጠ፣ የቀረው በአንዲት አሮጌ መኪና ተጫነ። ተጓዦቹ ባልና ሚስት፣ ሁለቱ ልጆችና የሚስት እናት እማማ ናቸው። መሄድ እንጂ መመለስ የሌለበት ጉዞ ነው። ክቡር ስምሪት ከመናኸሪያው ያመጡትን የስምሪት ወረቀት ዘርግተው፣ «መመለሻ» የሚለውን ዓምድ በማስመሪያ ሰረዙት። የሥራ መልቀቂያቸውንም በዚያው ሳምንት አስገቡ። ስለዚህኛው ብዙ አላወሩም፤ ስብሰባ ነበረባቸው።

በመጀመሪያው ስብሰባ ወንበር ተደለደለ። በሁለተኛው የማረፊያ ሰዓት ተመደበ። በሦስተኛው እማማ ተነሡባቸው።

«እስቲ ድገምልኝ ልጄ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት የምሄደው መቼ ነው አልክ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እማማ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ቢመጣብኝስ?»

«ከመነሻው ቀነስ አድርገው ቢጠጡ አይመጣም።»

«ሰማሽው ይሄን ባልሽን? ሆዴንም ተራ ሊያስይዘው ነው!»

ከዚያ የሙከራ ጭነት መጣ። ክቡርነታቸው መኪናዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ በስንት ደቂቃ ከግቢ እንደምትወጣ ካላዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በመጀመሪያው የሙከራ ቀን ጎረቤት ሁሉ እውነት መስሎት ወጥቶ አለቀሰ፤ የፊት ለፊቷ ልብስ ሰፊ እማማን አቅፋ አልለቅ አለች። መኪናዋ ጥግ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን የወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አንዷም የወጣችው ቆሻሻ ልትጥል ነበር። የእውነቱ ዕለት፣ ዓርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ አለችና «ስትመለሱ ዳቦ ግዙልኝ» ብላ መጋረጃዋን ዘጋች። አዋላጇ መሪውን እንደያዘች ዕንባዋ መጣ። አሥራ ስምንት ዓመት የኖረችበት ሰፈር እንዲህ ሆኖ ተሰናበታት፤ ባሏን በዓይኗ ልትበላቸው ምንም አልቀራትም።

መሪውን የያዘችው እሷ ናት፣ ምክንያቱም ክቡር ስምሪት መንጃ ፈቃድ የላቸውም። ያን ሁሉ ዘመን ሰውን አገር ለአገር ሲልኩ እሳቸው ከመናኸሪያው ግንብ ርቀው አያውቁም። መንገዱን ግን ጠጠር ሳይቀር ያውቁታል፤ ሾፌሮችን አንድ በአንድ ጠይቀው ጽፈውታል። በሣር ሜዳው ላይ የሚታየው ሳይቀር በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። «ሦስት ሰዓት፦ ሣር። አራት ሰዓት፦ ሣር። አምስት ሰዓት፦ ሣር፣ በግራ በኩል አንድ ዛፍ።»

ሜዳው እውነትም ሜዳ ነው። መሬቱ ተነጥፎ ተነጥፎ ሰማይ ሥር ይገባል፤ መንገዱ አይታጠፍም፣ የሚያጋጥም የለም። ልጆቹ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ዛፏን ጠበቁ። አምስት ሰዓት ሞላ፤ የለችም። ክቡር ስምሪት ሰዓታቸውን አዩ፣ ወረቀታቸውን አዩ። አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ ዛፏ ብቅ አለች። ልጆቹ በጭብጨባ መኪናውን አናወጡት።

«አራት ደቂቃ ዘግይታለች» አለች ትልቋ።

«ዛፏ አይደለችም» አሉ ክቡርነታቸው በኀዘን። «እናትሽ ናት። ፍጥነት ቀንሳ ነበር። አንቺ፣ ንጂ እንጂ!»

«ንጂ» የምትለዋን ቃል አዋላጇ በዚያ ቀን ብቻ አርባ ሦስት ጊዜ ሰማች። የቆጠረችው ታናሿ ልጅ ናት።

ድንበር ላይ የደረሱት ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ነው፤ በወረቀቱም ዐሥር ሰዓት ይላል። ክቡር ስምሪት ከመኪናው ሲወርዱ ደረታቸው ቀድሟቸው ወረደ። በኬላው መስኮት በኩል ማኅደራቸውን አቀረቡ። ፓስፖርቶቹ በላስቲክ ተሸፍነዋል፣ የመግቢያ ፈቃዱ ከእነ ቅጂው ተያይዟል፣ የክትባት ካርዱ በዕድሜ ቅደም ተከተል ተደርድሯል። መኮንኑ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም፤ ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ከዚያ ቆጠረና ቀና አለ።

«አራት ናቸው። የእርስዎስ?»

«የኔ?» አሉ ክቡር ስምሪት።

ማኅደሩ ተገለበጠ። ሻንጣው ወረደ። የሙከራ ጭነት ሦስት ሳምንት የፈጀበት ዕቃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አስፋልት ላይ ተበተነ። አዋላጇም ወረቀቶቹን ስታገላብጥ የተሳፋሪ ዝርዝሩ እጇ ገባ። ተሳፋሪ አንድ እማማ፣ ሁለት አዋላጇ፣ ሦስትና አራት ልጆቹ። አምስት የለም። የልብስ ዝርዝሩንም አየችው፤ ለተራራው ብርድ የተገዛው ካፖርት አራት ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ «ሰኞ» ይላል። «አዋላጇ፦ ሥራ። ልጆች፦ ትምህርት ቤት። እማማ፦ ፀሐይ የሚገባበት ክፍል።» ከዚያ በታች ባዶ ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ይባላል። ይኼ ሰው ግን ለራሱ ጨርሶ አልቆረሰም።

ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅርብን፤ አስፋልት ላይ ተንበርክኮ ካልሲ የሚያገላብጠውን ሰው አንቱ ማለት ይከብዳል።

«መሳቢያ ውስጥ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቢሮ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መታወቂያዬንም ምኔንም የማስቀምጠው እዚያው ነበር። ስወጣ መሳቢያውን ለተተኪዬ ከነቁልፉ አስረከብኩት። ፈርሜ።»

የስምሪት ኃላፊ በሚያስወጣው አውቶቡስ ላይ አይሳፈርም። እንዲህ ያለ ስሕተት ሌላ ሰው አይሠራውም።

ለተተኪው ተደወለ። ፓስፖርቱ ተገኘ። ቅዳሜ ጠዋት በሚወጣው አውቶቡስ በሾፌር እጅ ይላካል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድንበር ይደርሳል። ባልየው ወረቀቱን አነሳ፤ ዓይኑ ግን መስመሩን አላየም።

«ፕሮግራሙ መሰበር የለበትም» አለ። «እናንተ ቀጥሉ። አውቶቡሱ ከቀረ ሰኞ ያመልጥሻል። እኔ ቀስ ብዬ እከተላለሁ።»

«ቀስ ብለህ በምን?»

«በሆነ ነገር።»

በዕድሜው «በሆነ ነገር» ብሎ አያውቅም። የአዋላጇን አንጀት በላው። ያን ቦታ ለማግኘት ስንት ሌሊት እንዳጠናች እሷ ታውቃለች፤ ነገር ግን የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«አምስት ሆነን ወጥተን አራት ሆነን አንገባም። ዕቃውን ሰብስቡ፤ እዚሁ እናድራለን።»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ድንበሩ አጠገብ ባለው የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበሩ። አውቶቡሱ የለም። ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ የለም። አጠገባቸው ከረጢት ላይ የተቀመጠች ነጋዴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ቆይ ግን፣ ይሄን አውቶቡስ የሚያስወጣው ሰውዬ ሰዓት ማየት አይችልም? ቤቱ ተኝቶ ይሆናላ! እኛ እዚህ ፀሐይ ይብላን!»

ባልየው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሰደብ ያልሰማውን ስድብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማ። አንገቱን ደፍቶ «እውነትዎን ነው» ይላል በየመሀሉ። እማማ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑት። አዋላጇም መሳቅ አምሯት ነበር፤ ግን ሰዓቱን በእጅጌው ሲሸፍን አይታ ተወችው።

አውቶቡሱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ።

እሑድ ዕለት ሜዳው አለቀ። መሬቱ መጀመሪያ ጎበጥ ጎበጥ አለ፣ ከዚያ ተነሥቶ ቆመ፣ መንገዱም ተራራው ወገብ ላይ ይጠማዘዝ ጀመር። ይኼን የሚያህል ነገር ከፊታቸው ቆሞ ሳለ፣ በመኪናው ውስጥ «ንጂ» የሚል የለም። ባልየው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል።

«አባዬ፣ መቼ ነው የምንቆመው?» አለች ታናሿ።

«ሲላችሁ።»

ልጆቹ ተያዩ።

«ስንት ሰዓት ነው የምንገባው?» አለች አዋላጇ፣ ሞከር ስታደርገው።

«እኔ እንጃ። ስንደርስ እንደርሳለን።»

«ታሟል» አሉ እማማ ከኋላ። «ልጄ፣ አቁሚው መኪናውን።»

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። አዋላጇ መኪናዋን ጥግ አስይዛ አቆመችና ያንን የመጨረሻ ገጽ ከማኅደሩ አወጣች። ባዶው መስመር ላይ ጣቷን አኖረች።

«ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ እኔ ሥራ ነኝ። ልጆቹ ትምህርት ቤት። እማማ ፀሐይ። አንተስ?»

ባልየው ገጹን መልሶ ወደ እሷ ገፋው።

«እኔማ… አውቶቡሱ ከደረሰ የስምሪት ኃላፊ ምን ሥራ አለው?»

ሃያ ሁለት ዓመቱን ለእሷ ሲል ጥሎ ወጥቷል። እሷም አንድ ቀን «አንተ እዚያ ምን ትሆናለህ?» ብላ አልጠየቀችውም፤ ስለ «ንጂ» ስታማርር ጊዜ አላገኘችም። አፈረች። እስክሪብቶውን ከኪሱ መዝዛ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

«ጻፍ። ሰኞ ከሥራ ደክሞኝ ስወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቀኛለህ። መንገዱን አላውቀውም፤ ብቻዬን ቤት አላገኝም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል።»

«ዐሥራ አንድ ተኩል አይሆንም» አለ ሳያስበው። «ለተረኛዋ ማስረከብ አለ። እጅ መታጠብ አለ። አዲስ ኃላፊ ናት ብለው በየኮሪደሩ ያቆሙሻል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሁለት።»

«ከሃምሳ ሁለት ይሁንልህ።»

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈው። ከዚያ ወደ ፊተኛው ገጽ ተመለሰና ከአራተኛዋ ተሳፋሪ በታች አምስት ብሎ ስሙን አሰፈረ፤ የአባቱንም የአያቱንም ስም ጨመረ። ደረቱ ትንሽ ከፍ አለ። ሰዓቱን አየ።

«ከቆምን ዘጠኝ ደቂቃ ሆነን! አንቺ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ንጂ እንጂ!»

አዋላጇ ሞተሩን አስነሣች። በአሥራ አራት ዓመት ትዳሯ እንዲህ ደስ ብሏት ትእዛዝ ፈጽማ አታውቅም።