ቀመሩ የሳታቸው ልጆች

ቁጥር የሚፈራ ሰው አለ፤ እኔ ግን የምፈራው ቁጥር የሚያምነውን ሰው ነው። አትሳቁብኝ፣ ምክንያት አለኝ።

ያኔ መካኒሳ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መዝገብ ቤት ነበር የምሠራው። ኮምፒውተርን የምናውቀው በወሬ ነው። ልጄ ሰናይት እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት ታናናሾቿን እንድትይዝልኝ ብዬ ከሰዓት ፈረቃ ያስመዘገብኳት እኔው ነኝ። ማትሪክ ሦስት ወር ቀርቷታል፣ ሒሳብ ላይ ደከም ትላለች። አስጠኚ ለመቅጠር ከየት አምጥቼ? ተስፋችን ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ነበር።

በዚህ መሀል የሒሳብ አስተማሪው መምህር ጌትነት ቀመር ፈጠሩ። ተማሪ እንዴት እንደሚማር ያሳያል አሉ። የክፍል ፈተናው ይደመራል፣ የቀረበት ቀን ይቀነሳል፣ ለፈረቃውም የሚቀነስ አለ፤ ከታች ማትሪክ ያልፋል ወይም አያልፍም ይላል። ክፉ ሰው አይደሉም እኮ። ጠመኔ ኪሳቸው ውስጥ ረስተው ቤተክርስቲያን የሚሄዱ ምስኪን ናቸው። ዳይሬክተራችን ግን ቀመሩን እንደ ጠበል ተቀበሉት። ቦታ ስለሚጠብ ቅዳሜ የሚማረው ቀመሩ ያልፋል ያለው ብቻ ይሁን ተባለ። ዝርዝሩን ታይፕ የምመታው ደግሞ እኔ። ሰናይትን «አያልፉም» ከሚለው ስር አገኘኋት።

ደሜ ፈላ። ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቼ ቀመሩ ራሱ ይፈተን አልኩ። ተማሪ እንኳ ሳይፈተን አያልፍም፣ እሱ በምን ዕድሉ? መምህር ጌትነት አልተቆጡም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። የአምናውን አንድ የከሰዓት ክፍል ፋይል አመጣሁ። እሳቸው ያሰላሉ፣ ዳይሬክተሩ ከማትሪክ ውጤቱ ጋር ያመሳክራሉ፣ እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። «ልክ» ባሉ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። ልክ። ልክ። ከክፍሉ ሙሉ ቀመሩ የሳተው ሦስት ልጅ ብቻ ሆነ። ዳይሬክተሩ ተነስተው መምህሩን ጨበጧቸው። እኔ እንባዬ መጣ።

ግን እልኸኛ ነኝ። ሦስቱ እነማን ናቸው ብዬ ጠየቅሁ። ስማቸውን አነበቡልኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። አምና ከዚያ ክፍል ማትሪክ ያለፉት ስንት ናቸው? ሦስት። እነማን? እነዚያው።

ለካ ቀመሩ ክፍሉን በሙሉ ነው የጣለው፣ ከሰዓት ስለመጡ ብቻ። ማትሪክ ደግሞ የሚወድቀው ስለሚበዛ ልክ መሰለ። ሁሉም ይወድቃል ለማለትማ ዘበኛችን ይበቃን ነበር፣ ያውም ያለ እርሳስ። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። መምህር ጌትነት መነጽራቸውን አውልቀው ደጋግመው ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ወይዘሮ አልማዝ፣ እኔ የምፈልገው እኮ የሚያልፉትን ነበር፤ ያጣሁት እነሱን ነው» አሉኝ። ቅዳሜው ለሁሉም ተከፈተ፤ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው።

ውጤት የመጣ ቀን ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ሰናይት አልፋለች። መምህር ጌትነት ያንን «አያልፉም» የሚለውን ዝርዝር ይዘው መዝገብ ቤት መጡ፣ ስሟን ፈልገው በቀይ እስክሪብቶ አጠገቡ «ስህተት» ብለው ጻፉ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል በልጄ ደብተር ላይ ሳይ ስናደድ ኖሬያለሁ። ያን ቀን ግን ወረቀቱን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ዛሬም ሳሎን ግድግዳ ላይ አለ፤ ከዲግሪዋ በላይ ሰቅዬዋለሁ።